ጋሼ ደርበውና የሜልቦርኑ ረጅም ለቅሶ

ስለ ሜልቦርን ሕንፃዎችና ስለ ባሕር ዳርቻዋ ማንበብ የፈለገ ሰው ይህን ማስታወሻ ባይጀምረው ይሻላል። አሥራ አንድ ቀን ቆይቼ ባሕሩን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በመኪና መስኮት። የቀረውን ጊዜ የፈጀሁት ጋሼ ደርበውን ስፈልግ፣ ጋሼ ደርበውን ስጠብቅ፣ ጋሼ ደርበው እስኪጨርሱ ስቀመጥ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ጎረቤቱም ዘመዱም «እስቲ አውስትራሊያን አውሪን» እያለ ስላስቸገረኝ፣ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሁለታችን። ስሜ ስንዱ ይባላል። ሥራዬ ከመጋረጃ ጀርባ ጽሑፍ ይዞ መቀመጥ ነው፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው በሹክሹክታ አቀብላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ጋሼ ደርበው ተዋናይ ናቸው፤ ያውም ምን ዓይነት! ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሲያስቀምጡ ብቻ አዳራሹ ትንፋሹን ሲይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ የመጣው ከጭብጨባው ነው። አንድ ቀን ሲያለቅሱ ተጨበጨበላቸው፤ በማግስቱ ትንሽ ጨመሩ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ለቅሷቸው እንደ በጋ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከቡሃቃው ፈሰሰ። የሁለት ሰዓቱ ተውኔት ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ተመልካች ታክሲ አመለጠው። ሞተው መድረክ ላይ የተጋደሙ ተዋንያን የሳቸው ለቅሶ እስኪያልቅ እግራቸው ይደነዝዝ ጀመር። ቀስ በቀስ ዋናው ሚና ቀረ፤ ቀጥሎ ትንሹ ሚና ቀረ፤ ቀጥሎ ስልኩም ቀረ። እሳቸው «ጥበብ ረከሰ» ይላሉ እንጂ ነገሩ ከራሳቸው እንደሆነ ደፍሮ የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም።

በዚህ መሀል ነው ሜልቦርን ያሉ ወገኖቻችን የጋበዟቸው። ጋሼ ደርበው ብቻቸውን የሚሠሩትን ተውኔት ሁለት ቅዳሜ እንዲያሳዩ ነው፤ እኔም ጽሑፍ ያዥ ሆኜ ልከተል። ልጁ ባዕድ አገር የሞተበት አባት መርዶ ሲነገረው የሚያሳይ ሥራ ነው፤ እንደ ጽሑፉ ከሆነ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል። ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን የቲያትር ቤታችን ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ።

«ስንዱ፣ ለመስከረም አዲስ ተውኔት አለን» አለኝ። «የሽማግሌው ሚና ከጋሼ ደርበው ሌላ ለማንም አይሆንም። ግን ሜልቦርን ላይ ጽሑፉን ጠብቀው ከሠሩ ነው። ካልጠበቁ ሁለተኛ ስማቸውን አታንሺብኝ። እውነቱን ከአንቺ ነው የምሰማው። ለሳቸው ደግሞ እንዳትነግሪያቸው።»

እንግዲህ ሻንጣዬ ሃያ ሦስት ኪሎ ነበር፤ ይህ ግን አልተመዘነም።

የተነሣነው ሐምሌ ላይ፣ ረቡዕ ማታ ነው። ቦሌ ዝናቡ ይወርዳል። ክረምትን ሸሸን ስንል ለካ እነሱም ዘንድ ክረምት ኖሯል። አውሮፕላኑ ውስጥ አንዷ አስተናጋጅ ጋሼ ደርበውን አወቀቻቸውና «እናቴ እኮ በጣም ነው የምታደንቅዎት» አለቻቸው። ይህን ማለት አልነበረባትም። መተላለፊያው ላይ ተነሥተው ድሮ የሠሩትን አንድ ትዕይንት አሳዩዋት፤ የምግቡ ጋሪ ከጀርባቸው ቆመ፤ ከእኛ ኋላ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀዝቃዛ ሩዝ በላ።

አርብ ጠዋት ሜልቦርን ደረስን። እዚያ አገር መግቢያው ላይ ምግብም፣ እንጨትም፣ ከእንስሳ የተሠራ ነገርም ይፈተሻል። በርበሬዬ ምንም ሳይባል አለፈ። ጋሼ ደርበው ለተውኔቱ የያዙት የፈረስ ጭራ ግን ተያዘ። ፈታሿ ትሑት ሴት ነበረች፤ ጭራው እንደማይገባ በእጇም በአፏም አስረዳች። ጋሼ ደርበው በአማርኛ አቤቱታ ጀመሩ። ከአያታቸው ተነሥተው፣ በፈረሱ በኩል አድርገው፣ እስከ ሰው ልጅ ከንቱነት ደረሱ። ሴትዮዋ አንድም ቃል አልገባትም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አዳመጠች፣ ሁለት ጊዜም ዓይኗን ጠረገች። ሲጨርሱ ጭራውን በላስቲክ ከረጢት ከታ ይዛው ሄደች።

«አየሽ፣ ልቧን ነካሁት» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

«ጭራውስ?»

«ጭራ ይገኛል፤ ልብ ነው የማይገኘው።»

ውጭ ሳምሶን ይጠብቀን ነበር። የጋበዘን ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት ይነዳል። ከሌሊት ሺፍት ቀጥታ መጥቶ፣ በጋሼ ደርበው አቤቱታ ምክንያት ሁለት ሰዓት ቆሟል፤ ሆኖም ፊቱ ላይ ቅሬታ አላየሁም። መንገዱ ሰፊ ነው፤ አገሩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ። እኔ አዲስ አበባ ስጠፋ ቀና ብዬ እንጦጦን አይቼ ነው የምመለሰው። እዚያ ቀና ቢሉ ሰማይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እስክመለስ ድረስ ሰሜኑ የት እንደሆነ ሳላውቅ ኖርኩ።

ሳምሶን እየነዳ «ጋሼ፣ አዳራሹን ቡክ ያደረግነው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር» አላቸው። «አሥራ ሁለት ላይ ሌሎች ሰዎች ልደት አለባቸው። አብዛኛው ተመልካችም ማታ ሺፍት ይገባል።»

«ጥበብ ሰዓት አታውቅም፣ ልጄ» አሉት።

ሳምሶን በመስታወቱ አየኝ። እኔም ወደ ውጭ አየሁ።

ያረፍነው ሰንሻይን የሚባል ሰፈር፣ እትዬ አስካለ ቤት ነው። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። የራሳቸውን መኝታ ክፍል ለጋሼ ደርበው ለቀው እኔና እሳቸው አንድ ክፍል ተኛን። ጓሯቸው ጎመን ተክለዋል፤ ቅጠሉ የአገራችንን ሁለት ያህላል፤ ጣዕሙ ግን ግማሽ ነው ብዬ አልዋሽም፣ ጣፋጭ ነበር። ጠዋት ጋሼ ደርበው በላብ ተነክረው ወጡና «ወባዬ ተነሣ፤ ቄስ ይጠራልኝ» አሉ። እትዬ አስካለ ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ገብተው አልጋውን አዩ። ለካ እንግዳ እንዳይበርደው ብለው ከአንሶላው ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ አንጥፈውላቸዋል፤ ጋሼ ደርበው ደግሞ ማጥፊያውን የመብራት መስሏቸው መጨረሻው ድረስ አዙረውታል።

ያ ቀን ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ትርኢት ቀን ነው። አዳራሹ ሞላ፤ ሕፃን የታቀፈም፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ የመጣም አለ። በሐበሻ ቀጠሮ ዘጠኝ ተኩል ላይ ጀመርን። የመጀመሪያው ክፍል ድንቅ ነበር፤ በአባትየው እልኸኝነት አዳራሹ በሳቅ ተንከተከተ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መርዶው ደረሰ። ጽሑፉ ላይ አራት መስመር ሙሾ ነው ያለው። ጋሼ ደርበው አራቱን አሉና አምስተኛውን ጀመሩ።

እኔ ምን አደረግሁ? እንደ ልማዴ ጽሑፉን ዘጋሁና ማየት ጀመርኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ እያለቀሱ ናቸው። ልጁን አለቀሱለት፤ የልጁን እናት አለቀሱላት፤ ጽሑፉ ላይ የሌለ በሬ አነሡ፤ የተወሰደባቸውን ጭራም አንድ ቦታ ላይ አስገቡት። የፊተኛው ረድፍ ሴቶች እውነተኛ እንባ ያነባሉ፤ የኋለኛው ረድፍ ስልኩን ያያል። አሥራ አንድ ከሩብ ሲል የመስታወቱ በር ላይ ፊኛ የያዙ ሰዎች መታየት ጀመሩ፤ ልደታቸውን ሊያሰናዱ ቀደም ብለው መጥተዋል።

ያኔ እትዬ አስካለ ተነሡ። ሁለት እኩያዎቻቸውን አስከትለው፣ ደገፍ ደገፍ እያሉ ደረጃውን ወጡና ጋሼ ደርበውን ግራና ቀኝ ያዟቸው። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ልክ ሲያልፍ ትልቅ ሰው ተነሥቶ እንደሚያስቆመው ማለት ነው።

«በቃህ፣ ልጄ» አሏቸው፤ እስከዚያ ድረስ አንቱ ነበር የሚሏቸው። «የሞተ በለቅሶ አይመለስም። በራስህ ላይ አትጨክን። ተው፣ በቃ።»

በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ፊታቸውን አጠቡላቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ አበሱላቸው፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። ሐዘንተኛ በትልቅ ሰው «በቃህ» ሲባል ማቆም አለበት፤ ያደግንበት ነው። ጋሼ ደርበው አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ። ሕዝቡ ብድግ አለ፤ ተሰልፎ በፊታቸው እያለፈ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ወጣ፤ ሺፍት ያለባቸው ቀደም ቀደም አሉ። ፊኛ የያዘው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ እስኪጨርሱ ጠበቀ። የተውኔቱን መጨረሻ ያየ ማንም የለም።

እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። የመስከረሙ ሚና እዚያው ሲቀበር እያየሁ ነበር።

መኪና ውስጥ እትዬ አስካለ «ቲያትር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አሉኝ በጆሮዬ። «ግን ቲያትር ሰውን አንድ ሰዓት አያስለቅስም። ውስጣቸው የታፈነ ሐዘን አለ።»

ይህ ወሬ ሰንሻይንን ለመዞር አንድ ቀን በቃው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዎች ለቅሶ መድረስ ጀመሩ። ድፎ ዳቦ፣ ምስር ወጥ፣ ከሱፐርማርኬት የተገዛ የተጠበሰ ዶሮ ይዘው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። ጋሼ ደርበው «ወገኖቼ፣ እኔ እኮ ልጅ ሞቶብኝ አያውቅም፤ ጭራሹንም ልጅ የለኝም» ብለው አስረዱ። አንዲት ሴት «ውይ፣ ልጅም የላቸው» አለችና አዲስ ለቅሶ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ማስረዳቱን ተዉት፤ ደግሞም ሳላያቸው አልቀረሁም፣ ደስ ብሏቸው ነበር። ሰኞም እንዲሁ ዋለ። ዶሮው ፍሪጁን ሞልቶ ተረፈ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሙሉ የምትባል ሴት መጣች። ሳምሶን በሚሠራበት መጋዘን ካርቶን ታሽጋለች፤ የሥራ ሰደርያዋን አላወለቀችም። ዳቦዋን አስቀምጣ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ አልተናገረችም። ጋሼ ደርበው ዝምታ አይወዱም።

«አንቺስ፣ ሐዘን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አዎ ጋሼ። እናቴ ሞታብኛለች።»

«እንዴት ሰማሽ?»

«በስልክ። የእኅቴ ልጅ የነገሩኝ መስሎት አመለጠው። ብሬክ ላይ ነበርኩ። አራት ደቂቃ ይቀረኝ ነበር፤ ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ። ከዚያ ካርቶኔን ሳሽግ ቆይቼ ሺፍቴን ጨርሼ ወጣሁ።»

«አላለቀስሽም?»

«ቤት ስገባ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ቀና ማለት አቃተኝ።»

ይህን ብላ የበላችበትን ሳህን አንሥታ ወደ ማእድ ቤት ወሰደች፤ አጥባው፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ» ብላ ወጣች። ጋሼ ደርበው ያን ዕለት እራት ላይ አንድም ነገር አላወሩም። እትዬ አስካለ ተጨንቀው የሚሞቀውን የአልጋ ምንጣፍ ሄደው አዩት፤ አልበራም።

ረቡዕ ሁለተኛውን አዳራሽ ለማየት ወደ ካርልተን ሄድን። ከሰንሻይን በባቡር፣ ከዚያ በትራም ነው። ትራሙ ሲገቡ ካርድ የሚነካ ማሽን አለው፤ ጋሼ ደርበው የእትዬ አስካለን የፋርማሲ ካርድ ሦስት ጊዜ አስነክተው «እምቢ አለኝ» አሉ። አጠገባችን የነበረች ተማሪ በስንተኛው ኪሳቸው ትክክለኛው እንዳለ አግኝታ አስነካችላቸው። በእኛ ታክሲ ረዳቱ ጮሆ ይጠይቅሃል፤ እዚህ ማንም አይጠይቅህም፣ ያ ይበልጥ ያስፈራል።

ከተቀመጥን በኋላ «ስንዱ» አሉኝ፣ «ሙሾው ጽሑፉ ላይ ስንት መስመር ነው?»

«አራት።»

«እኔ ስንት አልኩ?»

«አልቆጠርኩም። ጽሑፉን ዘግቼው ነበር።»

«ለምን ትዘጊዋለሽ?»

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ፈርቼው ኖሬያለሁ፤ ትራም ላይ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ኃላፊው ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አደራዬን በላሁ። ስለ ታክሲው፣ ስለ ደነዘዘው እግር፣ ስለማይጠራው ስልክም አልደበቅሁም። «የእኔ ሥራ ሲርቁ መጥራት ነበር» አልኳቸው። «ግን ሳይዎት ደስ ይለኛል። ስቄም አልቅሼም አልጠግብዎትም። ለራሴ ደስታ ስል መጥራቱን ተውኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

አራት ፌርማታ እስክናልፍ ካርዱን ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ቅዳሜ ጥሪኝ» አሉ በመጨረሻ።

«እምቢ ካሉኝስ?»

«እላለሁ። ደግመሽ ጥሪኝ።»

ሐሙስና አርብ ዘነበ። ጠዋት ፀሐይ፣ ምሳ ሰዓት በረዶ፣ ከሰዓት ደግሞ እንደገና ፀሐይ፤ የለበስነውን ስናወልቅና ያወለቅነውን ስንለብስ ዋልን። ሳምሶን እንቅልፉን ትቶ ባሕሩን በመኪና አሳየን፤ በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣና ድንች ገዛልን። ሐሳብ ግን ይዞታል። ለሁለተኛው ትርኢት ሰው ማግኘት አቅቶታል። «አንዱ፣ አዳራሹ አልጋ ካለው እመጣለሁ አለኝ» ብሎ ነገረኝ ጋሼ ደርበው እንዳይሰሙ። ሰምተዋል፤ ድንቹን አስቀምጠው ውሃውን ማየት ጀመሩ። አሳዘኑኝ።

ቅዳሜ ካርልተን፣ ረጃጅሞቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ያለችው አዳራሽ በግማሽ ነው የሞላችው። ትራስ ይዞ የመጣ ቀልደኛ ሁሉ ነበር። ካርቶን አሻጊዋ ሙሉም መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያው እንደ በፊቱ ሄደ፤ ሳቁም አልጎደለም። መርዶው ደረሰ። ጋሼ ደርበው አልጮሁም። ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ፤ እዚያው ቀሩ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም፤ ሙሉ ግን እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት። ከዚያ አራቱን መስመር፣ ለአጠገባቸው ሰው እንደሚነግሩ፣ በዝግታ አሉ።

አራተኛው ሲያልቅ ደረታቸው መንፋት ጀመረ፤ ምልክቱን አውቀዋለሁ። ቀኝ እጃቸው ተነሣ። የሚቀጥለውን ቃል በሹክሹክታ ጠራሁ፦ «በሩን ዝጉት።» አልተቀበሉኝም። ደግሜ ጠራሁ። ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ፤ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ልጨምር እያለ ይለምነኛል። ጽሑፉን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። እጃቸው ወረደ።

«በሩን ዝጉት፤ ብርድ ይገባል» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው የአዳራሹን በር ዘግተው ተመለሱ። ማንም አልሳቀም።

ተውኔቱ ሲያልቅ ሰው አልተንቀሳቀሰም፤ የሚቀጥል መስሎታል። ከዚያ ነው ጭብጨባው የመጣው። ጋሼ ደርበው አንድ ጊዜ እጅ ነሥተው፣ ንግግር ሳያደርጉ መጋረጃው ጀርባ ገቡና ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

«ስንዱ፣ አጠረብኝ» አሉኝ።

በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። አንድም ሰው ኮቱን አላነሣም፤ ሳምሶንም፣ ትራስ ይዞ የመጣውም። «ለእነሱም አጥሮባቸዋል» አልኳቸው። ተነሥተው እሳቸውም አዩ።

«ወጥቼ ትንሽ ልጨምርላቸው እንዴ?»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለኃላፊው «ዛሬ ጽሑፉን ጠብቀው ሠርተዋል» ብዬ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ገና ጠዋት ስለነበር መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሳላነበው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና «የመስከረሙ ሚና የእሳቸው ነው፤ ንገሪያቸው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ከእኔ በቀር ያየ የለም፤ ግማሽ ደቂቃም አልሞላ።